ጣልያንኛ የእንግሊዝኛ እናት አይደለም፦ ለአንድ የጀማሪዎች ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ተማሪዬ አንድ ጽሑፍ አትሞ አመጣልኝ። ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው፤ ጣልያንኛንና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሥነ ልሳንን ሀ ሁ ለማስቆጠር ይሞክራል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። እኔም የመግቢያውን ኮርስ ሳስተምር እነዚህኑ ሁለት ቋንቋዎች ለምሳሌ አነሣቸዋለሁ። አንዱ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የተማርንበት ነው፤ ሌላው ደግሞ መኪናችን፣ ጋዜጣችንና ፌርማታችን ውስጥ ተቀምጧል።

ጽሑፉ የሚለው ግን ሌላ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ እንግሊዝኛ የላቲን ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ጣልያንኛ ልክ እንደሚነገረው ይጻፋል፤ ጣልያኖች የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት የሚተዉት በእጃቸው ስለሚናገሩ ነው፤ «ኦ ማንጃቶ» እና «አይ ሃቭ ኢትን»፣ ሁለቱም «በልቻለሁ» ማለት፣ አንድ ናቸው፤ ጣልያኖች ፈጥነው ስለሚናገሩ በአንድ ደቂቃ ብዙ ሐሳብ ያስተላልፋሉ፤ የናፖሊና የሲሲሊ ንግግር የተበላሸ ጣልያንኛ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ቃላቱን በከፊል ስለሚያውቃቸው በጣልያንኛ ቢጀምር ይቀለዋል። ተማሪዬ ገጹን በቢጫ ቀለም አስምሮበት ነበር። ያሰመረው ሊያጠናው መሆኑን ስረዳ ነው ብዕር ያነሣሁት።

«እንግሊዝኛ የላቲን ልጅ ነው ማለት ይቻላል»

ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ ሁለት ነው፦ የፊደሉ አንድነትና የቃላቱ መመሳሰል። ፊደሉን ቶሎ ልለፈው። ቱርክኛም፣ ቬትናምኛም፣ ኦሮምኛም በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ፊደል ልብስ ነው፤ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሰ ሁሉ ወንድማማች አይሆንም።

ቃላቱ ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። እውነት ነው፤ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ቢቆጠር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከፈረንሳይኛና ከላቲን የመጣ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቤተ መንግሥቱና ችሎቱ ለረጅም ዘመን በፈረንሳይኛ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ኋላም ምሁራኑ ከላቲን በቀጥታ እየቀዱ ጨምረውበታል። ነገር ግን በመዝገበ ቃላት ያለ ቃል ሁሉ በአፍ ላይ አይውልም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አዘውትሮ የሚጠቀምባቸውን መቶ ቃላት ብናወጣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ጀርመናዊ ናቸው፤ ይኸውም እንግሊዝኛና ጀርመንኛ የሚገኙበት የቋንቋ ቤተሰብ ነው። «እኔ»፣ «አንተ»፣ «እና»፣ «ነው»፣ «ወደ»፣ «ከ» የሚሉትን የመሳሰሉት ማለት ነው። የቤት ዕቃ ከገበያ ይገዛል፤ የቤቱ ምሰሶ ግን እዚያው የተተከለው ነው።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት ዝምድናን በመመሳሰል መለካታቸው ነው። ሥነ ልሳን ዝምድናን የሚያጣራው በሥርዓት በሚደጋገም ልዩነት ነው። የቋንቋ ሊቁ ያዕቆብ ግሪም በ1822 በዝርዝር ያስቀመጠው ሕግ ለዚህ የተመቸ ነው። ጣልያንኛ ከእናቱ ከላቲን በወረሰው ቃል መነሻ ላይ «ፕ» ካለ በእንግሊዝኛው «ፍ» ይሆናል፦ አባት ፓድሬ፣ ፋዘር፤ እግር ፒየዴ፣ ፉት፤ ዓሣ ፔሼ፣ ፊሽ። «ድ» ካለ «ት» ይሆናል፦ ሁለት ዱዌ፣ ቱ፤ ጥርስ ዴንቴ፣ ቱዝ፤ ዐሥር ዲየቺ፣ ቴን። «ክ» ካለ «ህ» ይሆናል፦ ቀንድ ኮርኖ፣ ሆርን፤ ልብ ኩዎሬ፣ ሃርት። መቶ በጣልያንኛ ዛሬ ቼንቶ ቢባልም በላቲኑ ኬንቱም ስለነበር በእንግሊዝኛ ሀንድረድ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ በሰልፍ የሚመጣ ልዩነት በአጋጣሚም በመዋስም አይገኝም። የሚያሳየውም ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ሩቅ አያት፣ ሕንድ አውሮፓዊ ከሚባለው፣ በተለያየ መንገድ መውረዳቸውን ነው። የአጎት ልጆች ናቸው እንጂ እናትና ልጅ አይደሉም።

ጸሐፊው ግን በሠንጠረዣቸው አናት ላይ ያስቀመጡት «አቬሬ»ን እና «ሃቭ»ን ነው። ሁለቱም «አለኝ» ለማለት ያገለግላሉ፤ የአቬሬ ወላጅ ላቲኑ «ሀቤሬ» ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር መንታ ይመስላል። በሥነ ልሳን ክፍል ውስጥ ይህ የታወቀ ወጥመድ ነው። አሁን ያየነውን ሕግ ተከተሉ፤ የእንግሊዝኛ «ህ» በላቲን «ክ» መሆን አለበት፣ ቀጥሎ ያለው «ፍ» ወይም «ቭ» ደግሞ «ፕ»። ስለዚህ የሃቭ ዘመድ ሀቤሬ ሳይሆን «ካፔሬ» ነው፤ ትርጉሙ «መያዝ»። ጣልያንኛ ይህን ግስ «ካፒሬ» ብሎ ሲወርሰው «መረዳት» አድርጎታል፤ በአእምሮ መያዝ። መንታ የመሰሉት ባዕዳን፣ ባዕድ የመሰለው ደግሞ ሥጋ ዘመድ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሩቅ አይደለም። ግእዝ «ጸግበ» የሚለውን እኛ «ጠገበ» እንላለን፤ «ጸልአ» «ጠላ»፣ «ጸብሐ» «ጠባ» ነው። ጸ እና ጠ በሰልፍ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከመጻሕፍት የተዋስነው «ጽላሎት» አለ፤ ከራሳችን «ጥላ» ጎን ተቀምጧል። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው፤ በቤቱ ያደገው «ፋዘር» ሲሆን ከላቲን የተዋሰው «ፓተርናል» አጠገቡ አለ፤ «ቱዝ» የቤቱ፣ «ዴንታል» የመጽሐፉ። ጸሐፊው የቆጠሯቸው አብዛኞቹ ጽላሎቶች ናቸው፤ ጥላዎቹን አላዩአቸውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ለላቲን ልጅነት ማስረጃ ብለው ካቀረቧቸው ቃላት አንዱ «ባንካ» ነው። ባንካ ግን ጣልያንኛ ራሱ ከጀርመናውያን የተዋሰው ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ገንዘብ መንዛሪው የሚቀመጥበት። «ጉዌራ»ም፣ ጦርነት ማለት፣ ከእንግሊዝኛው «ዎር» ጋር ከአንድ ጀርመናዊ ሥር የወጣ ነው። ያበደረው ሰው ተበዳሪ ተብሎ ተጻፈ።

«ጣልያንኛ ልክ እንደሚነገረው ይጻፋል»

ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር ይቀርባል ቢሉ እስማማ ነበር። «ልክ» የሚለው ቃል ነው ችግሩ። ጸሐፊው «አምስት የአናባቢ ፊደል፣ አምስት አናባቢ» ይላሉ። በመደበኛው ጣልያንኛ ጫና ባለበት ቀለም ላይ፣ ማለትም ድምፅ ጠንከር ተደርጎ በሚነገረው የቃሉ ክፍል ላይ፣ ሰባት አናባቢዎች አሉ፤ «ኤ» ሁለት ዓይነት ነው፣ «ኦ»ም ሁለት ዓይነት፣ አንዱ አፍ ከፈት፣ ሌላው ጠበብ ተደርጎ የሚነገር። «ፔስካ» በከፈተው ኤ ኮክ ነው፤ በጠበበው ኤ ዓሣ ማጥመድ ነው። «ቬንቲ» በአንዱ ነፋሳት፣ በሌላው ሃያ። አጻጻፋቸው አንድ ነው። ጫናውም ቢሆን ከቃሉ መጨረሻ ላይ ካልወደቀ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ «አንኮራ» የመጀመሪያው ቀለም ሲጫን መልሕቅ፣ ሁለተኛው ሲጫን «ገና» ወይም «አሁንም» ነው።

«ገና» ካልን አይቀር ወደ ምወደው ክፍል እንምጣ። ጣልያንኛ ውስጥ ተነባቢ መላላትና መጥበቁ ትርጉም ይለውጣል። «ፋቶ» ሲላላ ዕጣ ፈንታ ነው፤ ሲጠብቅ «የተሠራ» ወይም «ድርጊት» ነው። «ፓላ» ሲላላ አካፋ፣ ሲጠብቅ ኳስ። «ሴቴ» ሲላላ ጥማት፣ ሲጠብቅ ሰባት። «ኖኖ» ሲላላ ዘጠነኛ፣ ሲጠብቅ አያት። ዕድሜ ሲጠየቁ ደግሞ «አኒ» የሚለውን ሳያጠብቁ የሚመልሱ የውጭ አገር ሰዎች ምን እንዳሉ እዚህ አልጽፍም፤ ጣልያንኛ የሚያውቅ ይጠየቅ።

አንባቢ እንደሚያስተውለው በፊደላችን ሁለቱን አንድ አድርጌ ነው የጻፍኳቸው፤ ሌላ ምርጫ የለኝምና። የላቲኑ አጻጻፍ ፊደሉን ሁለት ጊዜ ይደግመዋል፤ የእኛው አይለይም፤ አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት ብቻ ከፊደሉ በላይ ሁለት ነጥብ ያደርጉበታል። ጆሯችን ግን ይለየዋል። በክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የማደርጋት ነገር አለች። ሰሌዳው ላይ «አለ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ አንዱን ተማሪ «አንብበው» እላለሁ። ተማሪው ጠመኔውን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ «የቱን?» ይላል። ያ «የቱን?» የአንድ ሳምንት ትምህርት ያህል ይሠራል። «ገና» የበዓሉና «ገና» ያልደረሰው፣ «ዋና» የውኃውና «ዋና» የበላዩ፤ ከዚያ ጣልያንኛውን ጥንዶች ሳነብላቸው አንድም ተማሪ አይሳሳትም። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ግን ይቸገራል፤ በቋንቋው ተነባቢ የሚጠብቀው ሁለት ቃል ሲጋጠም ብቻ ነው፤ «ቡክ ኬዝ» ሲባል ሁለቱ «ክ» እንደሚገናኙት። ጸሐፊው ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን አንድ እውነተኛ ጥቅም ሳይነግሩት አለፉ።

ደግሞም የጣልያንኛው አጻጻፍ መጥበቁን ሁሉ አይጽፍም። በቶስካናና ከዚያ ወደ ደቡብ «አ ካሳ»፣ ወደ ቤት ማለት፣ ሲባል የ«ካ» ድምፅ ይጠብቃል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ላልቶ ነው የተቀመጠው።

ስለ እንግሊዝኛ አጻጻፍ «ሥርዓት የለሽ» ብለው ሲስቁበትም አብሬ አልስቅም። ዊልያም ካክስተን ማተሚያውን በ1476 ለንደን አጠገብ ሲተክል የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች ቦታቸውን እየለቀቁ ነበር፤ ጉዞው ከ1400 ገደማ እስከ 1700 ገደማ ወስዷል። አጻጻፉ በመንገድ ላይ ቆሞ ቀረ፤ አፍ ቀጠለ። «ናይት» የሚባለው ፈረሰኛ በፊደል ተራው መጀመሪያ ላይ «ክ» ያለው ድሮ ስለሚነገር ነው። ሐን ከሀ፣ ሠን ከሰ፣ ፀን ከጸ የምንለየው እኛስ? ዛሬ በአማርኛ አፍ የማይለዩ ድምፆችን በጽሕፈት እያኖርን አይደለም?

የአጻጻፍ ቅርበት ጥቅም ግን አለው፤ ጸሐፊው ቢፈልጉት ኖሮ ጥሩ ማስረጃ ያገኙ ነበር። በ2001 በታተመ ጥናት ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ያለባቸው ጣልያኖች፣ እንግሊዞችና ፈረንሳውያን ተፈትነዋል። ጣልያኖቹ ከሌሎቹ የተሻለ አነበቡ፤ የአንጎል ምስላቸው ግን በሦስቱም ዘንድ በአንድ አካባቢ የደከመ እንቅስቃሴ አሳየ። ችግሩ አንድ ነው፤ ፊደሉ ለአንዱ ይሸፍንለታል፣ ሌላውን ያጋልጠዋል።

«ባለቤቱን የሚተዉት በእጃቸው ስለሚናገሩ ነው»

ይህን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። ጣልያናዊ በስልክ ሲያወራ እጁን የሚያይለት የለም፤ ባለቤቱን ግን ያኔም ይተዋል። ሕገ መንግሥት ሲጽፍም ይተዋል። በእጅ የሚተካ ነገር ቢሆን ኖሮ ወረቀት ላይ ባለቤቱ ተመልሶ በመጣ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ግሱን ማየት ይበቃል። «ፓርሎ» እናገራለሁ፣ «ፓርሊ» ትናገራለህ፣ «ፓርላ» ይናገራል ወይም ትናገራለች፣ «ፓርልያሞ» እንናገራለን፣ «ፓርላቴ» ትናገራላችሁ፣ «ፓርላኖ» ይናገራሉ። ስድስት መልክ። እንግሊዝኛ «ስፒክ» እና «ስፒክስ» ብሎ በሁለት ያበቃል። በጣልያንኛ ተናጋሪው ማን መሆኑ በግሱ ጅራት ላይ ተጽፏል። አማርኛ ደግሞ በግሱ ራስም በጅራቱም ይጽፈዋል፤ ለዚህ ነው «እኔ እናገራለሁ» ብሎ ሁሌ የሚጀምር ሰው አማርኛን በኋላ የተማረ የሚመስለን።

ይህ ማብራሪያ ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ መሆኑን ለተማሪ መደበቅ አይገባም። ቻይንኛና ጃፓንኛ በግሳቸው ላይ የባለቤት ምልክት የላቸውም፤ ባለቤቱን ግን ይተዋሉ። ጀርመንኛ በመጠኑ ምልክት አለው፤ አይተውም። የግሱ ሀብት ብቻውን አይወስንም ማለት ነው።

ልዩነቱ በጥልቀት የሚታየው ባለቤት በሌለበት ነገር ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል ጣልያናዊው «ፒዮቬ» ይላል፤ አንድ ቃል። እንግሊዙ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ይላል። ይህ «ኢት» ምንድን ነው? ሰማዩ? ደመናው? ማንም አይደለም። ቦታ እንዳይራቆት የተቀመጠ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛ የባለቤቱን ወንበር ባዶ አይተውምና። እኛስ? «መሸ» እንላለን። «ነጋ» እንላለን። ማን መሸ? ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። «ይመስለኛል»ም እንዲሁ ነው፤ ጣልያንኛው «ሴምብራ» ይለዋል፣ እንግሊዝኛው ግን ያንኑ «ኢት» ጎትቶ ያመጣል።

የሥነ ልሳን ሊቃውንቱ ኖአም ቾምስኪ በ1979 በጣልያኗ ፒሳ ከተማ ባቀረባቸው ትምህርቶችና ሉዊጂ ሪዚ በ1982 ባሳተመው ሥራ ይህ ነገር ብቻውን እንደማይጓዝ ታይቷል። ባለቤቱን የሚተው ጣልያንኛ ባለቤቱን ከግሱ ኋላም ያስቀምጠዋል፤ «ኤ አሪቫቶ ጆቫኒ»፣ በቃል በቃል «ደረሰ ጆቫኒ»፣ ለጆሮው ደህና ነው፤ «አራይቭድ ጆን» ግን እንግሊዝኛ አይደለም። ደግሞም «ማን የሚመጣ ይመስልሃል?» ለማለት ጣልያንኛው «ኪ ክሬዲ ኬ ቬራ?» ይላል፤ «ኬ» የሚለውን አያያዥ ቃል መጣል አይጠበቅበትም። እንግሊዝኛው ግን በዚያው ቦታ «ዛት» የሚለውን ካልጣለ ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል። ሦስቱ ነገሮች በየቋንቋው አብረው እንደሚሄዱ የተነገረው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተቃውሞና ማሻሻያ ገጥሞታል። ቢሆንም አንድ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ «ቋንቋ በጅምላ ይለያያል ወይስ በችርቻሮ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። እጅ ማወዛወዝ ይህን ጥያቄ ያጠፋዋል።

ደግሞም ጣልያናዊው ሲፈልግ ባለቤቱን ያመጣዋል፤ ሲያመጣው ግን በከንቱ አይደለም። «ማርዮ ለጆቫኒ ሲደውልለት ገና መብላቱ ነበር» የሚለውን በጣልያንኛ ያለ ተውላጠ ስም ቢሉት አድማጭ የበላው ማርዮ ነው ብሎ ያዘነብላል። «ሉዊ» የሚለውን፣ «እሱ» ማለት ነው፣ ከጨመሩበት የበላው ጆቫኒ ይሆናል። ለእኔ ጆሮ በአማርኛውም «እሱ» ስትገባ ወሬው ወደ ሌላኛው ሰው ይዞራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጣልያንኛ ሲማር በየዓረፍተ ነገሩ «ሉዊ፣ ሉዊ» ሲል የሚያደናግረው ለዚህ ነው። ሰዋስውን አልጣሰም፤ ሰው እየለወጠ ነው።

«‹ኦ ማንጃቶ› እና ‹አይ ሃቭ ኢትን› አንድ ናቸው»

ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ሥራቸው አይደለም። «ዬሪ ኦ ማንጃቶ»፣ ትናንት በላሁ ማለት፣ ጣልያንኛ ነው። በእንግሊዝኛ «የስተርደይ» እና «ሃቭ ኢትን» በአንድ ዓረፍተ ነገር አይስማሙም። በሰሜን ጣልያን የዕለት ንግግር ያለፈው ሁሉ በዚህ ቅርጽ ይነገራል፤ በደቡብ ግን «ማንጃይ» የሚለው ቀላሉ ኃላፊ ዛሬም በአፍ ላይ አለ።

ረዳት ግሱም ይለያል። ጣልያናዊ «ሄጃለሁ» ሲል «አለኝ» በሚለው ግስ ሳይሆን «ነኝ» በሚለው ይረዳዋል፤ ወንድ «ሶኖ አንዳቶ»፣ ሴት «ሶኖ አንዳታ»። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ነገር አያውቅም ብለዋል ጸሐፊው። ያውቅ ነበር። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ትንሣኤ ሲናገር «ሂ ኢዝ ሪዝን» ይላል፤ «ሂ ሃዝ» አይልም።

ስለ ጾታ የጻፉት ትክክል ነው፤ ጣልያንኛ ስሞቹን በወንዴና በሴቴ ይከፍላል፣ የዛሬው እንግሊዝኛ ከተውላጠ ስም በቀር አይከፍልም። የጥንቱ እንግሊዝኛ ሦስት ጾታ እንደነበረው፣ «ዊፍ» የሚለው የሴት መጠሪያም ከሦስቱ በገለልተኛው እንደሚመደብ ቢጨምሩበት ተማሪው ሰዋስዋዊ ጾታና ተፈጥሯዊ ጾታ የተለያዩ መሆናቸውን በአንድ ቃል ያይ ነበር።

«ፈጥነው ስለሚናገሩ ብዙ ሐሳብ ያስተላልፋሉ»

በ2019 የታተመ በ17 ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጣልያንኛና እንግሊዝኛ ከውስጡ ያሉበት፣ ይህን ለክቶታል። ጣልያንኛ በሴኮንድ የሚያወጣው ቀለም ከእንግሊዝኛው ይበልጣል፤ አንዱ የጣልያንኛ ቀለም የሚሸከመው መረጃ ግን ያንሳል። ተባዝቶ ሲታይ ቋንቋዎቹ ሁሉ በሴኮንድ ወደ 39 ቢት (ቢት የመረጃ መለኪያ ነው) አካባቢ ይሰበሰባሉ። የእንግሊዝኛው «ስትሬንግዝስ» በአንድ ቀለም የሚነገር ነው፤ በፊደላችን ሰባት ሆነብኝ። እንዲህ ያለ ጭነት የያዘ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ባዶውን የሚሄደው ይሮጣል፤ ገበያ የሚያደርሱት ግን እኩል ነው።

«የናፖሊና የሲሲሊ ንግግር የተበላሸ ጣልያንኛ ነው»

በዚህ ላይ አልቀልድም፤ ሰውን የሚያሳፍር ስሕተት ስለሆነ።

የተበላሸ ለመባል መጀመሪያ ያልተበላሸው መኖር አለበት። ጣልያን በ1861 አንድ መንግሥት ስትሆን ጣልያንኛ የሚችለው ሕዝብ የቋንቋ ሊቁ ቱሊዮ ዴ ማውሮ ባሰሉት መሠረት 2.5 ከመቶ ገደማ ነበር፤ አሪጎ ካስቴላኒ ኋላ የቶስካናን ሕዝብ በሰፊው ቆጥረው ወደ 10 ከመቶ አደረሱት። የትኛውንም ብንይዝ፣ ከዐሥር ሰው ዘጠኙ በሌላ ነገር ነበር የሚናገረው። ያ ሌላ ነገር ከላቲን በቀጥታ የወረደ የየአካባቢው ቋንቋ ነው። አበባ በላቲን «ፍሎሬም» ነበር፤ በጣልያንኛ «ፊዮሬ»፣ በናፖሊ «ሾሬ»፣ በሲሲሊ «ቹሪ» ሆነ። ቹሪ ከፊዮሬ አልተበላሸም፤ ሁለቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ጣልያንኛ የሚባለው የፍሎረንስ ንግግር ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊዎቹ ከፍ አደረጉት፣ በ1583 የተመሠረተው የክሩስካ አካዳሚ በ1612 መዝገበ ቃላት አወጣለት፣ ከ1861 በኋላ ትምህርት ቤትና ወታደር ቤት፣ ኋላም ቴሌቪዥን በአገሩ ሁሉ በተኑት።

ሲሲልኛ ደግሞ ለሥነ ጽሑፍ የበቃው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በፓሌርሞ በዳግማዊ ፍሬድሪክ ቤተ መንግሥት በሲሲልኛ ይገጠም ነበር፤ ሶኔት የሚባለው የግጥም ቅርጽ ከዚያ ነው የወጣው። የጣልያንኛው ታላቅ ባለቅኔ ዳንቴ ገና አልተወለደም። ዳንቴ ሳይወለድ ይገጠምበት የነበረውን ቋንቋ በኋላ ከመጣው ተበላሸ ማለት ታላቅ ወንድምን የታናሹ ቅጂ ነው እንደማለት ነው።

ጸሐፊው «መንግሥትም ቋንቋ ብሎ አያውቃቸውም» ይላሉ። የ1999 የጣልያን ሕግ ቁጥር 482 ዐሥራ ሁለት አናሳ ቋንቋዎችን ያውቃል፤ ሰርዲንያኛና ፍሪዩልኛ ከውስጡ ናቸው። ናፖልኛና ሲሲልኛ አልገቡም፤ ይህ ልክ ነው። ግን ሕግ ቋንቋን ይጠብቃል እንጂ አይፈጥርም፤ ያልተመዘገበ ልጅ አልተወለደም አይባልም።

«አማርኛ ተናጋሪ ቃላቱን ያውቃቸዋል»

መኪና፣ ጋዜጣ፣ ፋብሪካ፣ ቦርሳ፣ ፌርማታ፣ ፉርኖ፣ ማኪያቶ፣ ቻው። እውነት ነው፣ ሁሉም ከጣልያንኛ ናቸው፤ መርካቶና ፒያሳ ላይ እየተጓዝን መካድ አይቻልም። ካዛንቺስም ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣልያን ድርጅት ምኅጻረ ስም የወጣ ነው።

ነገር ግን የተዋሰ ቃል አዲስ ቤት ሲገባ ጠባዩን ይለውጣል። «ማኪና» በጣልያንኛ መኪናም ነው፣ ማንኛውም መሣሪያም ነው፤ የቡና ማፍያው፣ የስፌቱ፣ ሁሉም ማኪና ይባላል፤ ደግሞ «ኪ» ይጠብቃል፣ የእኛው ላልቷል። ዕለታዊ ጋዜጣ ዛሬ በብዛት የሚጠራው «ጆርናሌ» ተብሎ ነው። «ፎርኖ» ምድጃ ነው፤ ጣልያን አገር ገብቶ «አንድ ፎርኖ» ያለ ሰው ዳቦ አይሰጡትም። «ማኪያቶ» ትርጉሙ «ጠብ የተደረገበት» ወይም «የቆሸሸ» ነው፤ እዚያ ሲታዘዝ የሚመጣው ትንሽ ስኒ ቡና ላይ ጠብ ያለች ወተት ናት፤ የእኛን የለመደ ሰው የቀረውን ይጠብቃል።

«ቻው» ደግሞ ጸሐፊው ከናቋቸው «የተበላሹ» ንግግሮች አንዱ፣ የቬኒስ፣ ለዓለም የሰጠው ቃል ነው። መጀመሪያ «አገልጋይህ ነኝ» ማለት ነበር። ጣልያኖች ሲገናኙም ሲለያዩም ይሉታል፤ እኛ መለያያውን ብቻ ወሰድን። ለትምህርት ፔሩጃ የሄደ አንድ ተማሪዬ የተከራየበትን ቤት በር ሲያንኳኳ አከራይዋ ከፍተው ፈገግ ብለው «ቻው!» አሉት። ሻንጣውን አንሥቶ አንድ ደረጃ ወረደ።